ነጎድጓድ የሚፈራ ውሻ

በሐምሌና በነሐሴ በጎጃም ደጋ ነጎድጓድ ይበዛል። ጮቄ ላይ ሲያጉረመርም ውሻችን ይንቀጠቀጣል፤ ጎተራ ሥር ይገባል። ይህ ፍርሃት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም። የውሻ ጆሮ ከእኛ ጆሮ ይበልጥ ይሰማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንምታው፤ ዱላ ፍርሃቱን ይጨምራል። ሰማዩ ሲጠቁር ፈተን ቤት እናስገባው። ታስሮ ከደነገጠ ገመዱ ሊያንቀው ይችላል። በሩን እንዝጋ፤ ሌሊት ደንግጦ ከወጣ ጅብ ያገኘዋል። ጨለም ያለ ጥግ እንስጠው።

ልጆች አይያዙት። የደነገጠ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ሌሊት ቤታችንን የሚጠብቅ እሱ ነው። ሰማይ ሲያጓራ እኛ እንጠብቀው።