የኩሮሳዋ ጠርቶ የእኛ ለምን ደበዘዘ?

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ያልሰቀለ ቤት ማግኘት እየከበደ ነው (ሶፋው ቀስ ብሎ ይደርሳል)። እስቲ በዚያ ቴሌቪዥን ሁለት ፊልም ተራ በተራ ክፈቱ። መጀመሪያ የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰቨን ሳሙራይ»፣ ቀጥሎ ከነ«ጉዲፈቻ»ና «ቀዝቃዛ ወላፈን» ዘመን፣ ማለትም ከ1990ዎቹ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን አንድ የአማርኛ ፊልም። የጃፓኑ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ጠብታ በጠብታ፣ ጭቃው ከነእርጥበቱ ይታያል። የእኛው ግማሽ ምዕተ ዓመት ታናሽ ሆኖ ሳለ የተዋናዩ ዓይን እንኳ በቅጡ አይለይም፤ ድምፁም ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን የኩሮሳዋ ፊልም የተቀረፀው ሴሉሎይድ ላይ ነው። ሴሉሎይድ በቁጥር የተወሰነ ነጥብ የለውም፤ ስካነሩ በተሻሻለ ቁጥር ከዚያው ጥቅል ተጨማሪ ዝርዝር ይወጣል። ለዚህ ነው ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 በዲቪዲ አውጥቶ፣ በ2006 አድሶ በድጋሚ ያወጣው፤ ቶሆም ኋላ በፎር ኬ ያደሰው። የያሱጂሮ ኦዙ «ቶክዮ ስቶሪ» ደግሞ ዋናው ኔጌቲቭ ተቃጥሎ እንኳ ከተረፉ ቅጂዎች ታድሷል። (ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከተማ መጥተው ጊዜ የሚሰጣቸው ስላጡ አያቶች ነው፤ ለአያት ነዋሪ የተሠራ ይመስላል።) የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ም እ.ኤ.አ. በ2021 በፎር ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው ፊልም ላይ ስለተቀረፀ ነው።

ቪዲዮ ካሜራን ልሰድብ አይደለም። እሱ ባይኖር የ1990ዎቹ ፊልሞቻችን ባልተወለዱ። ጥፋቱ የቪሲዲ ነው። ሚኒ ዲቪ ካሴት ላይ ያለ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ቪሲዲ ላይ 352 በ288 ይሆናል። አባዙትና እዩ፣ ከምስሉ ሦስት አራተኛው ተጥሏል! ድምፁም አብሮ ይጨመቃል። አንዱ ዲስክ ከ74 ደቂቃ ብዙም ስለማይዘልቅ ፊልሙ ለሁለት ይቆረጣል፣ ያውም ልብ በተሰቀለበት ቦታ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች ከዚያ ዲስክ የተገለበጡ ይመስላሉ።

«ታሪኩ ከገባህ ምስሉ ምን ያደርግልሃል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። የ«ራሾሞን» ካሜራማን ካዙዎ ሚያጋዋ ካሜራውን በቅጠሎች መሃል በቀጥታ ወደ ፀሐይ አዙሮ ነበር። በመጥፎ ቅጂ ያ ብርሃን ነጭ እድፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በታደሰው ቅጂ ግን ጫካው ራሱ እንደ ምስክሮቹ የሚዋሽ ይመስላል። የእኛዎቹ ላይማ ነገሩ ይብሳል። ከተዋናዩ ጀርባ ያለችው አዲስ አበባ ዛሬ የለችም። ባቡሩ እስከ አያት ሳይዘረጋ፣ ፒያሳ በ2016 ሳይፈርስ የነበረችው ከተማ ናት። የሱቁን ጽሑፍ፣ የታክሲውን ወረፋ፣ የሰዉን አለባበስ ማንበብ የምንችለው ምስሉ ከጠራ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር «ማጥራት» ፋሽን ሆኗል። እኔ አላምነውም፤ የጠፋውን ፊት አይመልስም፣ አዲስ ፊት ይፈጥራል።

መፍትሔው ማስተሩ ያለበት ካሴት ነው። በፕሮዲዩሰሩ ቁም ሳጥን ወይም በኤዲተሩ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ማግኔት ነውና ያረጃል። የሚያጫውተው ካሜራ ከገበያ ወጥቷል፤ የፋየርዋየር ገመድ መሰኪያም አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ የለም። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሮች ካሴቶቹን አሁኑኑ ያውጡ፤ ወመዘክርም ዲስኩን ሳይሆን ማስተሩን ይጠይቅ። የሁለት ሰዓት ፊልም ከካሴት ለመገልበጥ የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው።