የመኪናን ድምፅ አስቀድሞ ስለ መስማት

የመተማና የቋራ ቆላ ሀብቱ ሰሊጥና ጥጥ፥ ማሽላም መሆኑ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ሁሉ ሰሊጥ ቀን የማይሰጥ አዝመራ ነው፤ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው በመሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት የእርሻ ባለሙያውን ወደ ማሳ የሚያደርሰው መኪና በመንገድ ቢቆም፥ የሚጐዳው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የደከመው ገበሬ ነው።

መኪናው ድምፅ ባሰማ ጊዜ ሹፌሩን መውቀስ፥ ወይም ሳያስመረምሩ «ካምቢዮው ይለወጥ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ይህ ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደሚያዝ ያለ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት የማይጨምር የሆነ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮን ነው። በደልዳላ ስፍራ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፥ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋት ይገባዋል። ሳይጠፋ ቢዞር ግን ፍሪሲዮኑ ተበልቷል፥ ወይም ዘይት ነክቶታል፥ ወይም ፔዳሉ መስተካከል ይሻል። በጥቁር አፈር ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲዞር ሌላው ቢቆም ግን፥ ይህ የዲፈረንሻል ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ድምፁም ስፍራውን ይናገራል። መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ግን ከካምቢዮ ውስጥ ይመጣል። ሲነሣና ነዳጅ ሲለቀቅ «ጓ» የሚል ክሮቸራን ያስጠረጥራል። ነዳጅ ሲሰጡትና ሲለቁት የሚለዋወጥ ዋይታ የዲፈረንሻል፥ በመታጠፊያ ላይ የሚንቋቋ የፊተኛው አክስል መሆኑ ያመዝናል።

ከማሳ ወጥቶ የጎንደር መተማ አስፋልት ላይ ሲደርስ፥ አራቱን ጎማ የሚያስጎትተውን ማርሽ ሳያላቅቅ የሚነዳ ሹፌር መኪናውን ራሱ ያስጨንቀዋል፤ ጎማዎቹ በደረቅ መንገድ እኩል ስለማይዞሩ ብረቱ ይወጠራል፥ ይጮኻልም። ደግሞ የሞቀ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛልና፥ መተንፈሻው ከተበላሸ ወይም የዘይት መያዣው ጎማ ካረጀ ውኃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ እንደሆነ ሳይውል ሳያድር መለወጥ ያሻዋል።

«ይህ የመካኒክ ሥራ ነው» የሚል ሹም አይጠፋም። ነገር ግን ድምፁ የሚሰማው ጭነት ተሸክሞ በጭቃ ሲጎትት ነው፤ መኪናው ባዶውን በአስፋልት ጋራዥ ሲደርስ ዝም ይላል፥ መካኒኩም ያልሰማውን ሊያክም አይችልም። ስለዚህ በየመኪናው አንድ ደብተር ቢቀመጥ፥ ሹፌሩም ድምፁ በየትኛው ማርሽ፥ በዳገት ወይም በቁልቁለት፥ ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ወይም በኋላ እንደ ተሰማ ቢጽፍ፥ ኀላፊውም በየሳምንቱ አንብቦ ቢፈርምበት መልካም ነው። ዘይቱም ሁሉ ከነሐሴ ሳያልፍ ቢመረመር ይገባል። እውነቱን የጻፈ ሹፌር እንዳይቀጣ ያስፈልጋል፤ የተቀጣ ሹፌር ሁለተኛ አይጽፍምና፥ የተደበቀው ጥፋት የሚገለጠው በአጨዳው መካከል ነው።