የጧት ተጫዋች፣ የከሰዓት ዳኛ

ጨዋታ የሰውን ጠባይ ይገልጣል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛዎቻችን ያን ጠባይ የምንፈልገው ኳስ ከሚመታው ሰው ላይ ብቻ ነው። ግብ ያገባውን እናመሰግናለን፤ ግብ የገባበትን እንወቅሳለን፤ ከዚያም ወደየቤታችን እንበተናለን። ፊሽካውን የነፋው ማን እንደ ሆነ፣ የሜዳውን ኪራይ የከፈለው ማን እንደ ሆነ፣ ከሩቅ የመጣውን ቡድን ተቀብሎ ያስተናገደው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሰዎች የመተባበር ልማድ የሚታወቀው ግን ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ወጣቶቻችን ቅዳሜና እሑድ በደረሰ ቍጥር የእንግሊዝን የእግር ኳስ ውድድር በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። የተጫዋቾቹን ስም፣ የተሸጡበትን ዋጋ፣ የአሠልጣኞቹን ጠብ ሳይቀር በቃላቸው ያውቁታል። በዚያው አገር፣ በዚያው ቅዳሜ፣ ካሜራ በማይደርስበት ስፍራ ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንደሚካሄድ የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ይኸውም የሆኪ ክለቦች ጨዋታ ነው። በአብዛኞቹ ክለቦች የሚጫወተው ሰው ደመወዝ አይቀበልም፤ እንዲያውም ለመጫወት የሚከፍለው እሱ ራሱ ነው። በየዓመቱ የአባልነት መዋጮ ያወጣል፤ በተጫወተ ቍጥርም ለሜዳ ኪራይና ለመስተንግዶ የሚሆን ገንዘብ ይጨምራል። ሰኞ ሲነጋ አስተማሪው ወደ ክፍሉ፣ ጸሐፊው ወደ ቢሮው፣ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። የዛሬው ሐሳባችን ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ለኛ ምን ትምህርት ይገኛል በሚለው ነገር ላይ ነው።

ሆኪን ላላየ ሰው በአጭሩ እንግለጠው። ለገና ጨዋታ የቀረበ ነው። በአንድ ወገን ዐሥራ አንድ ሰዎች ተሰልፈው፣ ጫፉ ቈልመም ያለ ዱላ ይዘው፣ ትንሽና ጠጣር ኳስ እየገፉና እየመቱ ወደ ተቃራኒው ግብ ያደርሳሉ። ሜዳው ርዝመቱ 91 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 55 ሜትር ነው። ዱላው በአንድ ወገኑ ጠፍጣፋ፣ በሌላው ድብልብል ሲሆን በድብልብሉ ጀርባ ኳስ መምታት ክልክል ነው። ግብ የሚቈጠረው አጥቂው ከግቡ ፊት በተሠመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ኳሷን የነካ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከበረኛው በቀር ማንም ሰው ኳሷን በእግሩ ወይም በሌላ አካሉ አስቁሞ ጥቅም ማግኘት አይፈቀድለትም።

የቅዳሜው ጨዋታ የሚጀመረው ቅዳሜ አይደለም። ሳምንቱ ሲጋመስ የቡድኑ አለቃ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ሠርግ እንደ ተጠራ መጠያየቅ ይጀምራል። አንድ ክለብ ብዙ ጊዜ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚወርድ የወንዶችና የሴቶች ቡድን አለው። ከላይ አንድ ሰው ሲጐድል ከታች ያለው ከፍ ይላል፤ በታችኛው ቡድን ውስጥም ጐረምሳውና ጠጕሩ የሸበተው ሰው ጐን ለጐን ይሰለፋሉ። በረኛ ያልተገኘ እንደ ሆነ ያን ሁሉ የራስ ቍርና የእግር መከታ የሚያጠልቅ ፈቃደኛ ይለመናል። መኪና ያለው መኪና የሌለውን ያሳፍራል። ሜዳው በሰዓት የተከራየ ስለ ሆነ አንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ሌላው ይገባል፤ የዘገየ ቡድን የሚያባክነው የራሱን ጊዜ ብቻ ሳይሆን የተከታዩንም ጭምር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዳኝነቱ ነገር ነው። በሆኪ ሜዳ ላይ ሁለት ዳኞች ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም በተለይ አንዱን የሜዳ አጋማሽ ይጠብቃል። በከፍተኛው ደረጃ ዳኞቹ ከውጭ ይመደባሉ። በታችኞቹ ደረጃዎች ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ክለብ ከራሱ አባሎች መካከል አንድ ዳኛ ያቀርባል። ስለዚህ በጧት የተጫወተው ሰው ላቡን ጠርጎ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ከሰዓት በኋላ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል። የሚዳኘው ባዕድ ሰዎችን ብቻ አይደለም፤ በሳምንቱ መካከል አብሮት የተለማመደውን ወዳጁንም ነው እንጂ።

ከባዱ ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በግማሽ ክቡ ውስጥ፣ ኳሷ የራሱን ክለብ ተከላካይ ጫማ ነክታ አቅጣጫዋን ለወጠች እንበል። ደንቡ ለተቃራኒው ወገን የማእዘን ቅጣት ይሰጥ ይላል፤ ይህም ወደ ግብ ከሚያደርሱት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ተመልካቹ ጥቂት ነው፤ ከዳኛው በቀር ያየም አይኖር ይሆናል። ፊሽካውን ያልነፋ እንደ ሆነ ወዳጆቹ በልባቸው ያመሰግኑታል። የነፋ እንደ ሆነ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ በአንድ ማዕድ የሚቀመጠው ከነዚሁ ወዳጆቹ ጋር ነው። እንግዲህ ሁለት እጆቹን ወደ ግቡ ዘርግቶ በራሱ ወገን ላይ የሚፈርድ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት አግኝቷል።

ይህ ፈተና ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። አንድ ቀን የአክስቱ ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛው ማመልከቻ ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ይቆማል። ከጧት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ የማይታወቅ ባለጕዳይም አለ። ተራው የባለጕዳዩ ነው፤ ዝምድናው ግን የዘመዱ ነው። አድልዎ ክፉ መሆኑን በትምህርት ቤት ያልጻፈ የለም፤ ነገር ግን በወዳጅ ላይ ፊሽካ መንፋት በድርሰት አይለመድም። ከጥፋቱ የሚመጣው ጕዳት አንድ ግብ ብቻ በሆነበት ስፍራ ደጋግሞ የተለማመደ ሰው፣ ትልቁ ጕዳይ ሲመጣ እጁ እምብዛም አይንቀጠቀጥም። የተፈረደበትም ወዳጅ ቢሆን «ፈረደብኝ እንጂ አልከዳኝም» ማለትን ይለምዳል። ይህ ሁለተኛው ልማድ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም፤ ዳኛ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፍርድ የሚቀበል ሰው ሲኖር ነውና።

ፍርዱን አልቀበልም ብሎ ለሚቈጣም ደንቡ መላ አለው። አረንጓዴ ካርድ ሁለት ደቂቃ፣ ቢጫ ካርድ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣል፤ ቀዩ ከዚያ ጨዋታ ጨርሶ ያሰናብታል። የሁለት ደቂቃው ቅጣት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጥፋተኛውን ከባልንጀሮቹ አይለየውም፤ ቍጣው እስኪበርድ ከዳር ያስቀምጠዋል እንጂ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ እንዳላየ ማለፍ፣ ወይ እስከ መጨረሻው መጣላት።

ጨዋታው ሲያልቅ ባለ ሜዳው ቡድን እንግዳውን ቡድን ያስተናግዳል። «ሻይ» ይሉታል እንጂ ለላብ የሚመጥን ትኩስ ምግብም ይጨመርበታል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዱላ ሲጋጩ የነበሩት ሰዎች፣ ዳኞቹም ጭምር፣ አብረው ይበላሉ። በሚቀጥለው ዙር አስተናጋጁ እንግዳ ይሆናል። እሑድ ጧት ደግሞ በብዙ ክለቦች ሜዳው ለሕፃናት ይለቀቃል። ቅዳሜ የተጫወቱት ሰዎች ጉልበታቸው እንደ ዛለ ልጆቹን ያለማምዳሉ፤ ወላጆችም እያገዙ ይውላሉ። የሚቀጥለው ትውልድ ጨዋታውን የሚረከበው እንዲህ ባለ አኳኋን ነው።

ይህን ስንል እነዚህ ሰዎች መላእክት ናቸው ማለታችን አይደለም። እዚያም በዳኛ ላይ የሚጮኽ አለ፤ ፊሽካ የመንፋት ተራው ሲደርስ ሥራ በዛብኝ የሚል አለ። ስለዚህ ዳኛ ያላቀረበ ቡድን የሚቀጣባቸው ውድድሮች አሉ። ቁም ነገሩ ሰዎቹ ከኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም፤ ግዴታው በተራ የተደለደለ ስለ ሆነ ነው። የሰው በጎ ፈቃድ አንድ ቀን ይነሣል፣ አንድ ቀን ይተኛል፤ የተራ መዝገብ ግን አይተኛም።

ልማዱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኳስን በዱላ መምታት በብዙ አገሮች የጥንት ጨዋታ ነው። የዛሬው ሆኪ መልክ የያዘው በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን አካባቢ ሲሆን፣ የብላክሂዝ ክለብ ሰዎች በኳስ ፋንታ ባለ ማእዘን የጎማ ቍራጭ ይመቱ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1871 የቴዲንግተን ክሪኬት ተጫዋቾች በብርድ ወራት የሚጫወቱት ነገር ሲፈልጉ ይህን ጨዋታ ያዙ። የክሪኬት ኳስ አመጡ፤ ዱላ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ ከለከሉ፤ ግብ የሚመታበትንም ክልል ወሰኑ። በ1886 ክለቦቹ በለንደን ተሰብስበው የሆኪ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1895 ሴቶቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። እንዲህ እያለ፣ አጥንት ይሰብር የነበረው ጨዋታ ሰኞ ወደ ሥራው መመለስ ያለበት ሰው ሊጫወተው የሚችል ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በልደት በዓል ሰሞን በየገጠሩ ከጫካ የተቈረጠ ቈልማማ ዱላ ይወጣል፤ ከእንጨት የተድቦለቦለች ሩር ወይም ከጠፍር የተገመደች ጥንግ ትዘጋጃለች። የጌታን መወለድ የሰሙት እረኞች በደስታ በዱላቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። ጐጥ ከጐጥ፣ መንደር ከመንደር ይጋጠማል፤ የተጫዋቹ ቍጥርም ሆነ የሜዳው ዳርቻ አይወሰንም። በዚያ ቀን ባለጠጋውና እረኛው እኩል ይጋፋሉ፤ ትልቅ ሰው ቢመታ እንኳ መቈጣት ነውር ነው። እንዴት ያለ መልካም ልማድ ነው! ዳሩ ግን በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ከጓዳ ይወረወራል፤ እኩልነቱም ከዱላው ጋር እስከ ከርሞ ያንቀላፋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሕዝባችን ማኅበር ማቋቋም ማንም አላስተማረውም። በጽዋ ማኅበር ተረኛው ደግሶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል፤ ሙሴው ሥርዐቱን ይጠብቃል፤ በወሩ ጽዋው ወደ ሌላው ተረኛ ይሸጋገራል። በዕድር መዋጮ አለ፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በደቦ የአንዱ እርሻ ዛሬ ይታረሳል፣ የሌላው ነገ። ክለብ የሚባለው ነገር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት የተናገሩት አባቶቻችን የክለብን ምስጢር ያውቁት ነበር። ጨዋታው አለን፤ ማኅበሩም አለን፤ የጐደለን ሁለቱን ማጋጠም ነው።

ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። ከ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወዲህ ትልልቁ የሆኪ ውድድር በሰው ሠራሽ ሣር ላይ የሚደረግ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሜዳ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ከእንግሊዝ ክለቦች እንውሰድ የምንለው ምንጣፉን አይደለም፤ የተራ መዝገቡን ነው። እሱ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። ጨዋታው እግር ኳስ ቢሆን፣ መረብ ኳስ ቢሆን፣ ደንብ የተበጀለት ገናም ቢሆን ያው ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ደመወዝ የሌለው ጨዋታ ጀግና አያፈራም የሚለው ነው። ሕንድ ከ1928 እስከ 1956 ባሉት ኦሊምፒኮች በሆኪ ስድስት ጊዜ ተከታትላ የወርቅ ሜዳልያ ወስዳለች፤ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ከአሸናፊዎቹ መካከል የነበረው ዝነኛው ድያን ቻንድ ወታደር ነበር። በ1960 በሮማ ፓኪስታን ሕንድን አንድ ለባዶ አሸንፋ ያን ሰንሰለት በጠሰችው። በዚያው የሮማ ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው የኛው አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። እነዚህ ሰዎች ለሌላ ሥራ የተቀጠሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ነገራችን በሜዳልያ ላይ የቆመ አይደለም። ከሺህ ተጫዋቾች አንድ ጀግና ባይወጣ እንኳ፣ ከሺሁ መካከል በወዳጁ ላይ በትክክል መፍረድ የለመደ መቶ ሰው ከወጣ አገር ተጠቅማለች።

ስለዚህ በየኮሌጁና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ቡድን ስታቋቁሙ ማልያና ስም ከመምረጣችሁ በፊት ደብተሩን አዘጋጁ። ስድስት ቡድን ካላችሁ አራቱ ሲጫወቱ አምስተኛው ዳኞቹን ያቅርብ፤ ስድስተኛው ሜዳውን ያሰናዳ፤ ባለ ተራው ሻዩን ያፍላ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዙር። ሥራ አስኪያጁም ሆነ ተላላኪው ከተራው አይዝለል። ተራውን ያልፈጸመ፣ የቱንም ያህል ግብ አግቢ ቢሆን፣ በተከታዩ ጨዋታ ከዳር ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ የሚያደላ ዳኛም ይገኛል። እሱን አባርሮ ሌላ ዳኛ በገንዘብ ከመቅጠር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ፊሽካ እንደገና ማስያዝ ይሻላል፤ ትናንት ያደላበት ቡድን ነገ በተራው እንደሚዳኘው ያውቃልና።