ለአንድ ሰዓት ወሬ ገንዘባችን አይወጣም



ሰሞኑን በካርቲየ 5 ከሚሰበሰቡት ጓደኞቻችን መካከል አንድ ሐሳብ ተነሥቷል። ያዋጣናት ገንዘብ ትውጣና ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ሰው መርጠን ወደ ውጭ አገር የመጻሕፍት ፌስቲቫል እንላክ፤ ስለ አፍሪካ ቀንድ ታሪክና ፖለቲካ ሲወራ የስደተኛውን ድምፅ ያሰማልን ነው የሚሉት። (በየትኛው ፓስፖርት እንደሚሄድ ያሰበበት የለም፤ ይሁን።)

እኔ እቃወማለሁ።

በእንደዚህ ያለው ጉባኤ ሦስት ሰዎች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ሰዓቱ ይሞላል፣ ይጨበጨባል። ከአዳማጩ መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት ነው። የአርተር ራምቦን ነገር ተመልከቱ። በዚሁ በጅቡቲ ከተማ የፈረንሳዮች የባሕል ማዕከል በስሙ ሲጠራ ኖሯል። ሰውየው ግን እኛ ዘንድ ሲመጣ ግጥሙን ትቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ግመል አስጭኖ የተነሣው ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ነው። ስለ እርሱ ስንት ተወራ! የግመል ነጂዎቹን ስም ግን ማን ጠየቀ? የምንልከውም ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግመል ነጂ ነው የሚሆነው።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ መልካም ነው፣ ደስ ይለናል። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ያቆየው ግን ፌስቲቫል አይደለም፤ በሥውር ተውሶ፣ በሥውር አንብቦ የመለሰ አንባቢ ነው።

ጉባኤ ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ ሐርቲሼክ ላይ እንደ እኛ መጠለያ ቀልሶ ነበር። በ2008 በዚያችው ከተማ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ተከፈተ። የሶማልኛ ጽሕፈት በይፋ የተወሰነው በ1972 ነው፤ እነርሱ ግን ስለ መጻሕፍታቸው በአገራቸው፣ በቋንቋቸው ይከራከራሉ። የጥንት ፊደል አለን እያልን የምንኮራው እኛ ደግሞ ጉባኤ ባሰብን ቁጥር ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን!

ስለዚህ ገንዘቡ ለወረቀትና ለቀለም ይዋል። ኦሮማይ በምዕራፍ በምዕራፍ እየተገለበጠ ለአሊ አዴና ለሆልሆል ይድረስ። ሁሉም ካነበበ በኋላ በካርቲየ 5 ምንጣፍ ዘርግተን በአማርኛ እንነጋገር፤ ሶማሌውም፣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም ጎረቤታችን በቋንቋው ይናገር፣ አስተርጓሚ አናጣም። ያላነበበ አይናገርም። ይህች አንዲት ደንብ ትበቃናለች።

ጥያቄው ከአሁኑ ይታወቅ። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ያገለገለ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻም ጊዜ ከመንግሥቱ ጋር አሥመራ የነበረ ሰው ነው። ያን መጽሐፍ የጻፈው በጸጸት ነው ወይስ እንደ ታማኝ አገልጋይ እውነቱን ለጌቶቹ ሊነግር? ከእኛ መካከል አባቱ በዚያ ዘመቻ የዘመተ አለ፤ አባቱ ከማዶ ምሽግ የተኮሰም አለ። ሁለቱ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲመልሱት መስማት እፈልጋለሁ።

ሰው ይላክ የሚል ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ። ሁለት ገጽ ትተንለታል።