ልጆቹ ጨፍረው ይጨርሱ



እነሆ ነሐሴ ገባ። ጉና ገና ከጉም አልወጣም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ይሁንና ከየጓሮው የጅራፍ ጩኸት መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ልጆቻችን ቃጫ ሲገምዱ፣ ዱላ ሲልጡ፣ ከማን ቤት እንደሚጀምሩ ሲመካከሩ ይውላሉ። በዚህ ሰሌዳ ላይ በየክረምቱ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይና ስላልተከፈለ መዋጮ መጻፋችን የታወቀ ነው፤ እሱም ቢሆን አልቀረም፣ ከጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በዚህ አምድ ግን መዋጮ ስለማይከፍሉት፣ ድምፃቸው ግን ከሁላችን በላይ ስለሚሰማው ትንንሽ ጎረቤቶቻችን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ልብ ብሎ ላየ ሰው በአንድ ግቢ ሦስት ልጆች ቢኖሩ ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። እንግዳ ገና አረፍ ሳይል «አቦሉን ጨርሰነዋል፤ እርስዎ ቶናውን ነው የሚጠጡት» ብላ የቤቱን ምሥጢር የምታወጣ አለች። እናቷ በዐይኗ ትገሥጻታለች፤ እሷ ግን «አልዋሸሁም እኮ!» ትላለች፣ እውነቷንም ነው። ኮንጎ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ አድርጎ «አስተካክል» ሲባል «ጫማው ልክ ነው፤ የተዛወረው እግሬ ነው» ብሎ የሚከራከር አለ። አባቱን «አንቺ» እያለ የሚጠራም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከእናቱና ከሦስት እህቶቹ ጋር ስለሆነ፣ ለሰው ሁሉ የሚሆነው ቃል እሱ ብቻ መስሎታል። አባትየው በሰው ፊት ይቆጡታል፤ ማታ ግን እንደገና እንዲላቸው ይቆሰቁሱታል ተብሎ ይወራል።

ከሁሉ ያሳቀን ግን የእድሩ ነገር ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆች ሙሽራና ሚዜ መሆን ሰልችቷቸው የእድር ስብሰባ ጀምረዋል። ዳኛው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጋቢ የሚመስል ፎጣ ደርቦ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ዘግይታ የመጣች እህቱን «ሁለት ብር ቅጣት!» ብሎ ሲፈርድባት «ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለችው። «የማን ለቅሶ?» ቢላት «የአሻንጉሊቴ»። ዳኛው ትንሽ አሰብ አድርጎ ቅጣቱን አነሣላት፤ ከዚያም ሁሉም ተነሥተው አሻንጉሊቷን ሊቀብሩ ሄዱ። የማኅበራችን ሒሳብ ሹም ይህን አጥር ተደግፈው ሲመለከቱ ወደ ቢሮ ሳይገቡ ረፈደባቸው። የአፈራረዱ አካሄድ ከመተዳደሪያ ደንባችን እምብዛም አይለይም፤ እንዲያውም ከእኛ ስብሰባ ፈጠን ያለ ነው።

ታዲያ እኛ ወላጆች በዚህ ሁሉ ደስ ይለናል፤ ደስታችንን ግን እንሸሽገዋለን። አያቶቻችን ልጅን በሰው ፊት ማሞገስ ዐይን ያስበላል ብለው ስለሚፈሩ፣ መልከ መልካሙን «አስቀያሚ»፣ አንደበተ ርቱዑን «ቀባጣሪ» እያሉ ፍቅራቸውን በስድብ ይሸፍኑት ነበር። ልጅ እንግዳ ያስታጥብ፣ ትልቅ ሰው ሲበላ ኩራዝ ይዞ ይቁም፣ ሳይጠየቅ አይናገር የሚለው ሥርዓትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ይህን ሁሉ ይጣል አንልም። ለታላቁ የማይነሣ ልጅ እኛም አንወድም። ነገር ግን ሥርዓት ማስያዝ አንድ ነገር ነው፣ አፍ መዝጋት ሌላ። «ዝም በል» ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው በእርግጥ ዝም ይላል፤ ያ የአሻንጉሊት ለቅሶ ያስነሣው ዳኛ የት እንደ ገባ ግን ማንም አያውቅም። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ትልቅ ሰው ሥራዬ ብሎ ከልጆች ጋር ቢጫወት ክብሩ እንደማይጎድል ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ልጆች ቤት ዋሉ። የጅራፍ ጩኸትና የተኩስ ድምፅ ሲለይ ትልቁን ሰው የሚቀድም የአምስት ዓመት ልጅ በሰፈራችን አለ። ይሄ አያስቅም። በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በተቀመጥንባቸው ቀናት ጨዋታ ከቤት ጨርሶ ያልጠፋው በእነሱ ነው፤ እኛ ያቀረብንላቸው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ቡሄ እንምጣ። ከተማችን ስሟን የወረሰችው ከዚሁ በዓል ተራራ ነው። እንደሚተረከው ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ በአካባቢው የነበሩ እረኛ ልጆች፣ ከብርሃኑ የተነሣ የመሸ ስላልመሰላቸው፣ ቤታቸው ሳይገቡ ቆዩ። ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ እስከ ዛሬ የቀሩት ከዚያ ነው ይባላል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ባገኙ ጊዜ መጀመሪያ ተቆጡ ወይስ አቀፏቸው፣ ትረካው አይናገርም። እኛ ሁለቱም የሆነ ይመስለናል።

በዓመቱ ውስጥ ልጅ በደጅ ቆሞ የፈለገውን የሚናገርበት፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ቆሞ የሚሰማበት ቀን ቢኖር ነሐሴ 13 እና ዋዜማው ነው። ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ እስቲ ተመልከቷቸው። አውራጁ ደፋሩ ነው፤ የባለቤቱን ስም ቀድሞ አጠያይቆ መጥቶ ግጥሙ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቤት ባይመታለትም ግድ የለውም። ከጎኑ ከረጢት ያንጠለጠለው ገንዘብ ያዥ አይዘፍንም፤ ዐይኑ ከበሩ መክፈቻ አይነሣም። ውሻ የሚፈራው ከሁሉ ኋላ ቆሞ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ግጥሙን የማያውቀው ትንሹ ደግሞ ዱላውን መሬት ላይ ይመታል፤ ሁልጊዜም ከጓደኞቹ አንድ ምት ዘግይቶ፣ ሌሎቹ ጨርሰው እጅ ሲዘረጉም እሱ ብቻውን ይቀጥላል። የሙልሙሉን አከፋፈል በአጥር ሥር ተደብቆ ያየ ሰው ካለ ችሎት ማለት ምን እንደሆነ ተምሯል፤ ለትንሹ የሚሰጠው ድርሻ በየዓመቱ ይግባኝ አያጣውም።

ታዲያ አሁን አሁን ምን እናደርጋለን? ገና የመጀመሪያውን ሲያወጡ በር ገርበብ እናደርግና አንድ ብር ወርውረን «በቃ በቃ፣ ሂዱ» እንላለን። ብሩን ልጆቹም አይጠሉትም፣ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ የተለማመደ አውራጅ ያዘጋጀውን ሳይጨርስ ይመለሳል። ያቺ ስለ እርስዎ አዲስ ላም ያወጣት ግጥም ሳትሰማ ትቀራለች። የዱቄት ዋጋ የት እንደ ደረሰ እናውቃለን፤ ሙልሙል አነስ ቢል፣ ጨርሶ ባይኖርም ቆሎ ወይም ትኩስ ድንች ቢሆን የሚከፋው ልጅ የለም። የሚከፋው ሳይሰማ ሲሸኝ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በር ይከፈት፣ ልጆቹም ጨፍረው ይጨርሱ ብለን እንጠይቃለን። የተናገሩትንም ጻፍ አድርጉት፤ የደብተር ጀርባ ይበቃል። ዛሬ «እግሬ ነው የተዛወረው» ያለው ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ብትጠይቁት «እኔ አላልኩም» ይላችኋል።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች። ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች በሁለቱ ቀናት እሰሩልን። ጅራፍ የምታጮኹ ወጣቶች ትንንሾቹ በሌሉበት ሜዳ ላይ ይሁን፤ ጅራፍ ዐይን ያጠፋል። ባጃጅ የምታሽከረክሩ ልጆቻችን ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በሉ። ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን ሳይጨልም ወደየቤታቸው ያድርሱ። ከረጢት ለሌላቸው ቡድኖች በማኅበሩ ቢሮ ታጥበው የደረቁ ባዶ የስኳር ከረጢቶች ስላሉ ከነሐሴ 10 ቀን ጀምሮ መጥተው ይውሰዱ፤ ትልቅ ሰው አስከትለው መምጣት አያስፈልጋቸውም።