ነባር ሰፈሮችና የትናንሽ ከተሞች የመኖሪያ ቤት ጥያቄ

በሀገሪቱ ትናንሽ ከተሞች የማለዳው እንቅስቃሴ የሚጀምረው በአብዛኛው በእግር ነው። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፣ የጤና ባለሙያዋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ወደ ቢሮው፣ አትክልት ቸርቻሪዋ ወደ ጉልቷ የሚያመሩት ከገበያው፣ ከመናኸሪያውና ከዋናው አስፋልት ጀርባ ከሚገኙት ነባር ሰፈሮች ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ለሚኖር ሰው ቤትና ሥራ ብዙ አይራራቁም፤ ለምሳ ቤቱ ደርሶ ለመመለስም የትራንስፖርት ሒሳብ አያስፈልገውም።

ሰፈሮቹ ለዓይን የሚማርኩ አይደሉም። የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያቸው ያረጀ ቆርቆሮ ሲሆን ጊቢው፣ የውኃ ቧንቧውና መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ በከተማው እምብርት እንዲኖር ያስቻሉት እነዚሁ ቤቶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች መስፋፋቱን ተከትሎ የነባር ሰፈሮች ዕጣ የበርካታ የከተማ ምክር ቤቶች አጀንዳ ሆኗል። ከተማን ማዘመንና አነስተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ ከመሐል ከተማ አለማራቅ የሚጣጣሙት እንዴት ነው የሚለው ጥያቄም ተገቢ ምላሽ የሚሻ ነው።

የሰፈሮቹ አመጣጥ

የጉዳዩ መነሻ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በአዋጁ መሠረት ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ትርፍ ቤቶች በቀበሌ ሥር እንዲተዳደሩ ሲደረግ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጥተዋል። የኪራይ ቅናሽም የተደረገ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍሉ የነበሩ ተከራዮች ከፍተኛው የቅናሽ መጠን ተጠቃሚ ሆነዋል።

በወቅቱ የሚከራዩ ቤቶች በብዛት የሚገኙት በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ በመሆኑ፣ የቀበሌ ቤት የመሐል ከተማ ቤት ሆኖ ቀርቷል። በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጡረተኞች፣ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩ እናቶችና የቀን ሠራተኞች ለአሥርት ዓመታት ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት በእነዚህ ቤቶች ነው።

ይኸው ሥርዓት ግን የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። ኪራዩ ለረጅም ዓመታት ባለበት በመቆየቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና የሚበቃ አልሆነም። ተከራዩም ቤቱ የእኔ ነው የሚል ዋስትና ስለሌለው ገንዘቡን አውጥቶ ለማደስ አይደፍርም። በዚህ መካከል ቤቶቹ አርጅተዋል። በተጠጋጉ ቤቶች መካከል የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ የሌላቸው፣ የጎርፍ መውረጃ ያልተሠራላቸው ሰፈሮች ጥቂት አይደሉም። የሰፈሮቹ መሻሻል አስፈላጊነት ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ተሞክሮ

መንግሥት የቤት እጥረቱን ለመቅረፍ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የጀመረውን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ማስፋፋቱ ይታወሳል። መርሐ ግብሩ የቤት ባለቤትነትን ከማስፋት ባሻገር ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሥራ ዕድል የፈጠረ፣ የሀገር ውስጥ የግንባታ አቅምንም ያሳደገ ነበር።

በትናንሽ ከተሞች የታየው ውጤት ግን ከመዲናይቱ የተለየ ነው። በአዲስ አበባ ተመዝጋቢው ለዓመታት ተራ ሲጠብቅ፣ በበርካታ የክልል ከተሞች በገዢ እጦትና በመክፈል አቅም ማነስ ምክንያት ግንባታው በ2002 ዓ.ም አካባቢ ሊቆም ችሏል። ለቅድሚያ ክፍያ በአንድ ጊዜ መቅረብ ያለበት ገንዘብና ወርኃዊው የባንክ ክፍያ ቋሚ ገቢ ለሌለው ቤተሰብ ከባድ ነበሩ። ጊቢ ውስጥ እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ወይም ዶሮ አርብታ ለምትተዳደር እናት ደግሞ የፎቅ ቤት መኖሪያ እንጂ የሥራ ቦታ ሊሆናት አልቻለም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በትናንሽ ከተሞች የቤት ፍላጎት የሚለካው በክፍል ብዛትና በግንባታ ጥራት ብቻ አይደለም። ቤቱ ለገበያ፣ ለሥራና ለደንበኛ ያለው ቅርበት ከቤቱ ዋጋ ተነጥሎ የሚታይ አይሆንም።

ከኪራዩ በስተጀርባ ያለው ወጪ

አንድ ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር ሲሄድ የሚለወጠው ኪራዩ ብቻ አይደለም። ለአብነት ያህል ሁለት ሠራተኛ ወላጆችና አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያሉት ቤተሰብ በከተማው ዳርቻ ይኖራል እንበል። ሦስቱም በቀን ሁለት ጊዜ በባጃጅ ቢመላለሱና የአንዱ ጉዞ ዋጋ 15 ብር ቢሆን፣ በወር 26 ቀናት ሲታሰብ የቤተሰቡ የመጓጓዣ ወጪ 2 ሺህ 340 ብር ይደርሳል። ይህ አኃዝ ስሌቱን ለማሳየት የቀረበ ሲሆን፣ ዋጋው ከከተማ ከተማ መለያየቱ አይቀርም። በዳርቻው ኪራይ ያተረፈ የሚመስለው ቤተሰብ ትርፉን ለመጓጓዣ መልሶ ሊከፍል እንደሚችል ግን ያመለክታል።

በገንዘብ የማይተመነውም ኪሳራ ቀላል አይደለም። ዕድርና ዕቁብ፣ ማኅበርና ጉርብትና የተመሠረቱት በቅርበት ነው። በእድሜ የገፉ ጡረተኛ ሲታመሙ የሚደርስላቸው፣ እናት ገበያ ስትውል ሕፃኑን የሚጠብቅላት፣ ዱቤ የሚሰጠው የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ የዚሁ ትስስር አካል ናቸው።

የሀገሪቱ ሕግም ይህንን እውነታ ተገንዝቧል። በ2011 ዓ.ም የወጣውና በኋላም ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከይዞታቸው ለሚነሡ ሰዎች ካሳ ሲደነግግ፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን በካሳ ከሚታሰቡ ጉዳዮች መካከል አካቷል። ሕግ አውጪው ጉርብትናን ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ ማየቱ ለአስፈጻሚው አካል ትልቅ መልእክት ነው።

የደብረ ብርሃን ማሳያነት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን አንድ ከተማ ሲያድግ ነባር ሰፈሮቹ ላይ የሚያርፈውን ጫና ለመመልከት ትረዳለች። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተቆረቆረችው ከተማ ወደ ደሴ የሚያመራውን አውራ ጎዳና ተከትላ የተዘረጋች ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በብርዷ የምትታወቅ አነስተኛ ከተማ ነበረች። በ1999 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምርባት መልኳ መለወጥ ጀመረ።

ተማሪው፣ መምህሩና የፋብሪካ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ቤት ፈላጊ በሚሆኑበት ከተማ በመጀመሪያ የሚጨናነቀው አነስተኛ ኪራይ ያለው ክፍል ነው። አዲስ መጪው ክፍል ተጋርቶ ለመኖር ሲገደድ፣ ነባሩ ተከራይ ደግሞ ከጨመረው ኪራይ ጋር ይጋፈጣል። በዚህ ወቅት መሐል ከተማ ያሉ ቤቶች ምትክ ሳይገነባላቸው ቢፈርሱ ጫናው ወደ ግለሰብ አከራዮች ገበያ ይዞራል። ፋብሪካ የተተከለባቸው ወይም ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባቸው ሌሎች ከተሞችም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደሉም።

ከአስፈጻሚው አካል የሚጠበቀው

የመሐል ከተማ መሬት ለማዘጋጃ ቤቶች የገቢ ምንጭ መሆኑ አይካድም። በ2004 ዓ.ም በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ለመሐሉ በቀረበ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ይሁንና የሊዝ ገቢው በአንድ ወገን ሲመዘገብ፣ ለተነሺዎች በአዲስ ቦታ የሚዘረጋው መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚጠይቀው ወጪ በሌላ ወገን ሊመዘገብ ይገባል። ሁለቱ ሳይነጻጸሩ የሚወሰን ውሳኔ የተሟላ ሊሆን አይችልም።

ነባር ሰፈርን በቦታው የማሻሻል ልምድ ለሀገሪቱ እንግዳ አይደለም። በ2000ዎቹ በበርካታ ከተሞች የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ጭቃ ይበዛባቸው የነበሩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን ነዋሪው ሳይነሣ አሻሽሏል። ለበርካታ ወጣቶችም የሥራ ዕድል ፈጥሯል። የጎርፍ መውረጃ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያና የመንገድ መብራትም በዚሁ አኳኋን ደረጃ በደረጃ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ለዚህ ግን የቀበሌ ቤቶች መረጃ መጥራት ይኖርበታል። አንዳንድ ቤቶች በአነስተኛ ኪራይ ተይዘው ለሦስተኛ ወገን በውድ ዋጋ የሚከራዩበት፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የታሰበው ቤት አቅም ባለው ሰው እጅ የሚቆይበት አሠራር መኖሩ የአደባባይ ምስጢር ነው። ቤቱን ማን ይዞታል፣ ገቢው ምን ያህል ነው፣ ቤቱስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል ለሚሉት ጥያቄዎች ምላሽ ያለው አስተዳደር፣ ኪራዩን እንደ ነዋሪው አቅም አስተካክሎ ገቢውን ለጥገና ማዋል ይችላል።

በግለሰብ ቤት ለሚኖረው ተከራይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መልካም መሠረት ጥሏል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውል ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አፈጻጸሙ በትናንሽ ከተሞችም እንዲጠናከር የከተማና የቀበሌ አመራሩ ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ማፍረስ የግድ በሚሆንበት ቦታም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ምትክ ቤቱ አስቀድሞ ሲዘጋጅ፣ ጎረቤታሞች በአንድነት እንዲሰፍሩ ሲደረግና ከሚገነባው አዲስ ሕንጻ የተወሰነው ክፍል ለነባር ነዋሪዎች በአቅማቸው ሲመደብ ልማቱ ተቃዋሚ ሳይሆን ተባባሪ ያገኛል። በመሬት ወለል ሱቅ፣ ከላዩ መኖሪያ ያለው ሕንጻ ለንግድም ሆነ ለነዋሪው የሚያመች አማራጭ ነው።

ትናንሽ ከተሞች ትላልቆቹ ያጡት አንድ ዕድል አሁንም በእጃቸው ይገኛል። ዝቅተኛ ደመወዝተኛውና ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴውና ቸርቻሪዋ በአንድ መንገድ የሚተላለፉባቸው፣ ሠራተኛው ከቢሮው በእግሩ ቤቱ የሚገባባቸው ከተሞች ናቸው። ይህ ዕድል አንዴ ካመለጠ በመንገድና በአውቶቡስ ለመመለስ ብዙ በጀት ይጠይቃል። በመሆኑም የከተማ አመራሮች የመልሶ ማልማት ዕቅድ ሲያጸድቁ፣ የሚነሣው ነዋሪ ነገ ጠዋት ወደ ሥራው በምን እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድመው ሊመልሱ ይገባል።