«የሞኝ ጥያቄ» ስለሚባለው ነገር

ከመምህራንና ከሹማምንት አንደበት አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ይህ ደግሞ ይጠየቃል?» የሚለው ነው። ተናጋሪው በዚህ ቃል ለጠያቂው መልስ የሰጠ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን አሳፈረው እንጂ አልመለሰለትም። ስለዚህ ማንም ሰው አንድን ጥያቄ የሞኝ ነው ከማለቱ አስቀድሞ፣ መልሱን በርግጥ ያውቀው እንደሆነ ራሱን መመርመር ይገባዋል እንላለን።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በዛሬዪቱ ታንዛኒያ የተፈጸመ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ሲሠራ፣ አፍልቶ በትኩሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባው ወተት፣ ሌላው ልጅ ሳያፈላ ካስገባው ወተት ቀድሞ በረዶ ሆነ። ምክንያቱን መምህሩን ቢጠይቅ «ተሳስተሃል፤ ሊሆን አይችልም» ተባለ። በኋላም በኢሪንጋ ከተማ በምክዋዋ ትምህርት ቤት ጥያቄውን ቢደግም፣ መምህሩ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም ብሎ አፌዘበት፤ ተማሪዎቹም ይህንኑ መሳለቂያ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ዴኒስ ኦዝቦርን የተባሉ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ልጁም ጓደኞቹ እየሳቁበት ያንኑ ጠየቀ። እኒህ ሰው ግን አልሳቁም፤ እንዲፈተን አደረጉ። ፍተናውም የልጁን ቃል የሚደግፍ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለቱ በአንድነት ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በልጁ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና ለክተው፣ የሚያጠግብ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ጥያቄው የሞኝ ቢሆን ኖሮ ሊቃውንትን ከ50 ዓመት በላይ ባላከራከረም ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ አሪስጣጣሊስ ይህንኑ ነገር ከ2,000 ዓመት በፊት ጽፎት መገኘቱ ነው።

«ነገር ግን ሥራ የሚያስፈታ ጥያቄ፣ ተንኮል ያለበትም ጥያቄ አለ» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ አለ። ሆኖም አሁን የተነገረውን መልሶ ለሚጠይቅ ሰው የሚበቃው አጭር መልስ ከተግሣጹ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። «ስርቆትህን የተውኸው መቼ ነው?» የሚለው ዓይነት ጥያቄም ተንኮል እንጂ ሞኝነት አይደለም፤ መድኃኒቱም በውስጡ የተሸሸገውን ሐሰት አውጥቶ ማሳየት ነው። አጠያየቁ የተጣመመውንም ቢሆን ማቃናት የመምህር ሥራ ነው።

ይህ ከባዕድ የተማርነው ልማድ አይደለም። የአገራችን የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ሲተረጕሙ፣ ጠያቂ ባይኖር እንኳ «ስለ ምን ቢሉ» እያሉ ጥያቄውን ራሳቸው ያነሡታል፤ አንዱ መልስ ባይበቃም «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውም የእኛው ምሳሌ ነው። የጥያቄ ነውር የለበትም የሚል ሊቅነት ያወረሱን አባቶች ልጆች ሆነን ጠያቂን ብናሳፍር፣ ነውሩ የእኛ ነው።

ጕዳቱም በትምህርት ቤት ብቻ አይቀርም። አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ስለ አንድ ደብዳቤ አጻጻፍ ጠይቆ ቢሳቅበት፣ በሁለተኛው ጊዜ ሳይጠይቅ ይጽፋል፤ ስሕተቱም የሚገለጠው ወረቀቱ መዝገብ ቤት ከገባ፣ ባለጉዳዩም ከተጕላላ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አለቃው «ለምን አልጠየቅህም?» ብሎ ይቈጣዋል። እንዳይጠይቅ ያስተማረው ግን እርሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ የምታስተምሩና የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ የምታውቁትን ስትጠየቁ መልሱ፤ የማታውቁትን ስትጠየቁም «አላውቀውም፤ እንመርምረው» በሉ። ተማሪዎችም፣ ቢሳቅባችሁ እንኳ ጥያቄያችሁን አትተዉ።